ትኩስ ምግብ ከማእድ ቤት እስከ አልጋ አጠገብ፦ ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ በአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋማት ማእድ ቤት ለምትሠሩና ጥያቄ ለላካችሁ ወገኖች፣ በዚሁ ሙያ ላይ እንዳለ ሰው የምመልሰው የሚከተለውን ነው።

ጥያቄ፦ ትሪው አረጋዊቷ ዘንድ ሲደርስ ምግቡ 120 ዲግሪ ፋራናይት ሆኖ ቢገኝ ደንብ ተጥሷል ይባላል?

መልስ፦ በዚህ ብቻ አይባልም። የፌዴራሉ የምግብ ደንብ 135 ዲግሪን ያስቀመጠው ምግቡ እስኪቀርብ ድረስ ለሚቆይበት ሙቀት ሲሆን፣ ተበልቶ እንዲያልቅ ወዲያው የቀረበ ሰሀን ግን ጥቂት መቀዝቀዙ የሚጠበቅ ነው፤ እዚያ ላይ የሚጠየቀው ምግቡ ለጤና የማያሰጋና ለመብላት የሚጋብዝ ሙቀት ያለው መሆኑ ነው። በእኔ ግምት ሙቀቱ የሚጠፋው በአብዛኛው ትሪዎቹን የጫነው ጋሪ ኮሪደር ላይ ቆሞ አስተናጋጅ ሲጠብቅ ነው። ስለዚህ ሰሀኑን አስቀድሞ ማሞቅ፣ ሙቀት በሚይዝ ክዳን መሸፈን፣ ጋሪው ከመነሣቱ በፊት ለነርሶቹ ማሳወቅና አንድ ትርፍ ትሪ ጭኖ የመጨረሻው ሰው ምግቡን ሲቀበል የዚያን ትሪ ሙቀት መለካት ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ትሪ የለካ ሰው ራሱን ያታልላል።

ጥያቄ፦ ከማቀዝቀዣ የወጣ ሾርባ በስቲም ቴብል (የበሰለ ምግብ በእንፋሎት ሙቀት ሳይቀዘቅዝ የሚቆይበት ጠረጴዛ) ላይ ቢሞቅስ?

መልስ፦ አይሆንም። ስቲም ቴብል የሞቀውን ምግብ እንዳይቀዘቅዝ ይይዛል እንጂ ቀዝቃዛውን በፍጥነት አያሞቅም። ሾርባው በምድጃ ላይ በ2 ሰዓት ውስጥ 165 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ ወደዚያ ይዛወር። በተለይ የሥጋ መረቅ ሲሆን፣ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለው ባክቴሪያ ዘሩ መፍላትን ተቋቁሞ ስለሚተርፍ፣ ለብ ባለ ድስት ውስጥ በፍጥነት ይራባል።

ጥያቄ፦ አረጋዊው ተኝተው ትሪው ክፍላቸው ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ቢቆይ፣ በማይክሮዌቭ ላሙቅላቸው?

መልስ፦ አዲስ ትሪ ከማእድ ቤት ይጠየቅላቸው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ቡናውንና ሾርባውን እጅግ አሙቀን ብንልክ አይሻልም?

መልስ፦ እኛ ቡናን እየተንተከተከ መጠጣት ስለለመድን ሐሳቡ ይገባኛል። ነገር ግን 140 ዲግሪ የሆነ ውኃ በ5 ሰከንድ ገደማ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል፤ የአረጋውያን ቆዳ ደግሞ ስስ ነው፣ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ትኩስ መጠጥ ከመቅረቡ በፊት ይለካ፤ እጃቸው ለማይጸናም ክዳን ባለው ኩባያ ይሰጣቸው።

ጥያቄ፦ ቴርሞሜትሩ ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን?

መልስ፦ በረዶ በሞላበት ውኃ ውስጥ ሲነከር 32 ዲግሪ ማሳየት አለበት።