ለተርቦ መኪና የዘይት መለያ ለመግዛት ላሰባችሁ ወገኖች

በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው መኪና የሚይዙ ወገኖቻችን እየበዙ ነው። በተለይ ሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ የገዛ ወጣት ገና የመጀመሪያውን ዘይት ሳይቀይር «ኤር ኦይል ሴፓሬተር አስገባበት» የሚል ምክር ይደርሰዋል፤ ይህም ከሞተሩ በሚወጣው ጋዝ ውስጥ ያለውን ዘይት የሚለይ ዕቃ ነው። ዕቃው ጠቃሚ መሆኑን አልክድም። ሆኖም የትኛው ዓይነት ለማን እንደሚስማማ የሚወስኑት የሞተሩ አሠራር፣ የምትኖሩበት አገር ብርድና የአገሩ ሕግ ናቸው፤ የጓደኛ ምርጫም ሆነ የዕቃው ማማር አይደለም።

ፒስቶኑ ሲወጣና ሲወርድ፣ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን፣ ከተቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ በጎኑ ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት ወደ ታችኛው የሞተር ክፍል ይገባል። ጋዙ ያልተቃጠለ ነዳጅ፣ የውሃ ትነትና ጥላሸት ይይዛል፤ በሚሽከረከረው ክራንክ ከሚረጨው ዘይት ጋር ሲገናኝ ደግሞ የዘይት ጉም ይዞ ይወጣል። መውጫ ካጣ ግፊቱ ኦይል ሲሎችን (ዘይት እንዳይፈስ የሚያሽጉትን ጎማዎች) ገፍቶ ዘይት ያስፈስሳል። በድሮ መኪኖች ይህ ጋዝ በአንድ ቱቦ ወደ አየር ይለቀቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ፣ በካሊፎርኒያ ቀዳሚነት፣ ፒሲቪ በሚባል የሞተር መተንፈሻ ቫልቭ በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ተመልሶ እንዲቃጠል ተደረገ።

ተርቦ በሌለው ሞተር ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ዘወትር ስለሚስብ ጉዳዩ ቀላል ነው። በተርቦ ሞተር ግን ነዳጅ ስትረግጡ ማኒፎልዱ መሳብ ትቶ በአየር ግፊት ይሞላል፤ ያን ጊዜ የፒሲቪ ቫልቩ ይዘጋና ጋዙ በሌላ ቱቦ ተርቦው አየር ወደሚስብበት መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ጋዝ በሚፈጠርበት በዚያው ሰዓት የዘይቱ ጉም በተርቦው፣ በኢንተርኩለሩ (የተጨመቀውን አየር በሚያቀዘቅዘው ክፍል) እና በቱቦዎቹ ሁሉ ያልፋል ማለት ነው። ኢንተርኩለሩን በውስጥ የሚቀባው ስስ ዘይት ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙን ይቀንሳል። ወደ ሲሊንደሩ የገባው ዘይት ደግሞ የቤንዚኑን ኦክቴን (ያለጊዜው እንዳይፈነዳ የሚያስችለውን አቅም) ስለሚያወርድ፣ ነዳጁ ያለጊዜው እንዲፈነዳና ሞተሩ እንዲያንኳኳ በር ይከፍታል።

ሦስተኛው ጉዳት በቫልቮቹ ላይ የሚጋገረው ካርቦን ነው። በድሮው አሠራር ቤንዚኑ ከማስገቢያ ቫልቩ በስተጀርባ ስለሚረጭ ቫልቩን ያጥበዋል። በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ በሚረጭ ሞተር ግን ቫልቩን የሚያጥበው ነገር የለም፤ ዘይቱ እዚያው ይጋገራል። በአሜሪካ ከ2015 እስከ 2021 ሞዴል ድረስ የተሸጠው ደብሊው አር ኤክስ የያዘው ኤፍኤ20 ሞተር ከዚህ ወገን ሲሆን፣ በዚያው ዘመን የተሸጠው ኤስ ቲ አይ የተባለው ጠንካራ ወንድሙ ግን በድሮው አሠራር የሚረጨውን ኢጄ257 ይዞ ቆይቷል። ስለዚህ የኤስ ቲ አይ ባለቤት የሚያስበው ስለ ማንኳኳቱ ነው፤ የደብሊው አር ኤክሱ ባለቤት ካርቦኑንም ጭምር ያስባል። የሱባሩ ሲሊንደሮች ጋደም ያሉ ስለሆኑ ኩርባ ላይ በፍጥነት ስትዞሩ ዘይቱ ወደ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) ያደላል፤ ከቴስታታ የሚወጣው መተንፈሻም ከጉም አልፎ ፈሳሽ ዘይት ይተፋል። ስለ መለያው የሱባሩ ነጂዎች ከሌላው ይልቅ አብዝተው የሚያወሩት ያለ ምክንያት አይደለም። አስቀድሞ የተጋገረውን ካርቦን ግን የትኛውም መለያ አያነሣውም፤ ማስገቢያው ተፈትቶ በተፈጨ የዋልነት ቅርፊት ይነፋል።

ካምሪ ይዛችሁ ኡበር የምትሠሩ ወገኖች ተርቦ ስለሌላችሁ ይህን ዕቃ ብትተዉት ምንም አይቀርባችሁም። ተርቦ ቢኖራችሁም፣ መኪናችሁ ሳይነካካ ከፋብሪካ እንደወጣ ሆኖ በረጅም መንገድ በእርጋታ የምትነዱ ከሆነ፣ ገንዘቡን ለጥሩ ዘይት አውሉት፤ ዘይቱንም መጽሐፉ ካዘዘው ቀደም ብላችሁ ቀይሩ። መለያ በእርግጥ የሚያስፈልገው የሞተሩን ኮምፒውተር አስተካክሎ (ቱን አድርጎ) የተርቦ ግፊቱን ከፍ ላደረገ፣ በሩጫ ሜዳ ለሚነዳ ወይም ኢንተርኩለሩ ውስጥ ዘይት ተጠራቅሞ ላገኘ ሰው ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ያለው ሥርዓት ጤነኛ መሆኑን አረጋግጡ። እንደ ቮልስዋገን ጂቲአይ ያሉ መኪኖች ከፋብሪካ የራሳቸው መለያ ከፒሲቪው ጋር ተዋሕዶ ይመጣላቸዋል፤ በውስጡ ያለው የላስቲክ ሽፋን ሲቀደድ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ያፏጫል፣ የዘይት መክደኛው ተስቦ አልነሣ ይላል፣ የቼክ ኢንጅን መብራትም ይበራል። ይህን ያልተረዳ ሰው ውድ መለያ ገዝቶ ከተበላሸው ክፍል ጋር ሲያገጥመው አይቻለሁ፤ ዘይቱ መጉደሉን አላቆመም። ሁለተኛው ምርመራ የፋሻው ነው። ሞተሩ ሞቆ በዝግታ ሲሠራ የዘይት መክደኛውን ፈትታችሁ ቀዳዳው ላይ እንዲሁ አስቀምጡት፤ ጭስ እየተፋ መክደኛውን የሚያዘልለው ከሆነ ጋራዥ ወስዳችሁ የኮምፕሬሽንና የሊክዳውን ፍተሻ (ሲሊንደሩ ግፊት መያዙን የሚለኩ ምርመራዎች) አስደርጉ። ያለቀ ፋሻን መለያ አያድነውም፤ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ምልክቱን መደበቅ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። ዋናው ጥያቄ የተለየው ዘይት ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። ካች ካን የሚባለው ቆርቆሮ የለየውን ሁሉ ይዞ ያጠራቅማል፤ እናንተም ከፍታችሁ ትደፉታላችሁ። በሱባሩ ሰዎች ዘንድ ኤር ኦይል ሴፓሬተር የሚባለው ደግሞ የለየውን ዘይት ወደ ሞተሩ ይመልሳል። የመጀመሪያው ርካሽና ቀላል ነው፣ ግን ክትትል ይፈልጋል። ሁለተኛው ከተገጠመ በኋላ ብዙም አያስቸግርም፤ ነገር ግን ከዘይቱ ጋር ውሃውንም እንዳይመልስ መሞቅ አለበት። ለዚህ ሲባል ደኅና የሆኑት መለያዎች የሞተሩ ኩላንት (ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) በዙሪያቸው እንዲያልፍ ተደርገው ይሠራሉ፤ ሙቀቱ ውሃው በትነትነቱ እንዲቆይና ከጋዙ ጋር ሄዶ እንዲቃጠል ያደርገዋል፤ ወደ ታች የሚወርደው ዘይቱ ብቻ ይሆናል። ኩላንት የማያልፍበትን መለያ ገዝቶ ዘይቱን ወደ ሞተር መመለስ፣ ውሃና ቤንዚን አጠራቅሞ ዘይቱ ላይ እንደ መጨመር ስለሆነ አልመክረውም።

የምትኖሩበት ቦታ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶ፣ በቶሮንቶ ወይም በስዊድን የምትኖሩ ክረምት ላይ ካች ካናችሁን ብትከፍቱ ከዘይት ይልቅ ውሃ የበዛበት፣ ቡና እንደተጨመረበት ወተት የመሰለ ፈሳሽ ታገኛላችሁ። ይህ ፈሳሽ ሌሊት ውጭ በቆመ መኪና ቱቦ ውስጥ ቢረጋ በረዶ ሆኖ መተንፈሻውን ይዘጋል፤ ጠዋት ሞተሩን ስታስነሡ ጋዙ መውጫ ያጣና የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይገፋል፤ ሲብስም ኦይል ሲል ይበጥሳል። አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ደኅና ስለማይሞቅ አደጋው በእሱ ላይ ይጸናል። በብርድ አገር ያላችሁ እንግዲህ ወይ በኩላንት የሚሞቀውን ግዙ፣ ወይ ካች ካኑን በክረምት በየሳምንቱ ለመክፈት ቁረጡ፤ ይህን የማትችሉ ከሆነ ፋብሪካው የሠራውን አትንኩ። በዱባይ፣ በሪያድ ወይም በዶሃ ላላችሁ ግን በረዶ ስጋት ስላልሆነ፣ በውስጡ ጥሩ መከፋፈያ ያለው ተራ ካች ካን ይበቃችኋል።

ስለ ውስጡ ሥራ ስትጠይቁ በሚያብረቀርቅ ቀለም አትታለሉ። በ30 ዶላር የሚሸጡት ብዙዎቹ ባዶ ቆርቆሮ ናቸው፤ መግቢያና መውጫቸው ጎን ለጎን ስለሆነ ጉሙ እንደገባ ይወጣል። ጉሙን አቅጣጫ የሚያስቀይሩ መከፋፈያዎችና ጠብታዎቹ የሚጣበቁበት ወንፊት ወይም ፊልትሮ ሊኖረው ይገባል። አንዳንዱ የተቦጫጨቀ የብረት ሱፍ ይከቱበታል፤ ያ ሱፍ ተበጥሶ ወደ ተርቦው ቢሳብ መዘዙን አስቡት። የቱቦዎቹ ስፋት ከፋብሪካው ማነስ የለበትም፤ ጠባብ ቱቦ በራሱ ግፊት ይፈጥራልና። ቱቦው ዘይትና ሙቀት የሚችል፣ ሲሳብም የማይጣበቅ ይሁን፤ የራዲያተር ጎማ በዘይት ያብጣል። ዘይት የሚመልሰው ቱቦ ያለ ምንም እጥፋትና ጉድጓድ ቁልቁል መውረድ አለበት። ሙሉው ኪት ብዙ መቶ ዶላር የሚያወጣው በነዚህ ነገሮች ምክንያት ነው፤ ለእኔ ዋጋው ተገቢ ነው።

ሕጉን በሚመለከት፣ መተንፈሻውን ነቅሎ ጋዙን ወደ አየር የሚለቅ አገጣጠም ለሩጫ ሜዳ እንጂ ለመንገድ መኪና አይፈቀድም፤ የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ የጭስ መቆጣጠሪያን መነካካት ይከለክላል። በካሊፎርኒያ የስሞግ ምርመራ መርማሪው ኮፈኑን ከፍቶ በዓይኑ ስለሚያይ፣ ከስቴቱ የአየር ቦርድ የተሰጠ የፈቃድ ቁጥር ያለውን ዕቃ ፈልጉ። በጀርመንም ለቲዩቭ (ለመኪና ምርመራ) ከመቅረባችሁ በፊት ወረቀቱን ያዙ፤ በእንግሊዝ ደግሞ ለኢንሹራንሳችሁ አስታውቁ። የዋስትናው ነገር ብዙ ጊዜ ተጋንኖ ይወራል፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አምራቹ ሌላ ዕቃ ስለገጠማችሁ ብቻ ዋስትናውን በሙሉ እንዳይሰርዝ ይከለክለዋል። ሆኖም ጉዳቱን ያመጣው የገጠማችሁት ዕቃ መሆኑን ካሳየ ሊከለክላችሁ ይችላል፤ ስለዚህ የነቀላችሁትን የፋብሪካ ዕቃ አትጣሉ።

ለአገር ቤት ዘመድ የምትልኩም አላችሁ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ያሉት ናፍጣ ሀይሉክሶችና ላንድክሩዘሮች ከበፊቱ ይልቅ ለረጅም ዘመን መቆየት ይጠበቅባቸዋል። በናፍጣ ሞተር የዘይቱ ጉም ከኢጂአር (የተቃጠለውን ጭስ መልሶ ወደ ሞተሩ ከሚያስገባው ሥርዓት) ጥላሸት ጋር ተቀላቅሎ ማኒፎልዱን እንደ ሬንጅ ስለሚደፍን መለያው በእርግጥ ይረዳል። ለናፍጣ ከሚመረጡት አንዱ ማን ሁመል የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ፕሮቬንት 200 ነው፤ ፊልትሮው የሚቀየር ሲሆን ቢደፈን ግፊቱን የሚያስተነፍስ ቫልቭም አለው። ዕቃውን ብቻ ልካችሁ መቀየሪያ ፊልትሮውን ብትረሱ ግን አዲስ አበባ ውስጥ ሲፈለግ ይከርማል፤ ከመጀመሪያው ሁለት ሦስት ጨምሩበት።

ካስገጠማችሁ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የዘይቱን መጠንና፣ ኩላንት የሚያልፍበት ከሆነም፣ የኩላንቱን መጠን ሞተሩ በቀዘቀዘ ቁጥር እዩ፤ ኩላንቱ ሲገጠም የገባው አየር እስኪወጣ ትንሽ ይጎድላል። የቱቦ ማሰሪያዎቹን ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና አጥብቁ። ወዲያው የማፏጨት ድምፅ ከሰማችሁ ወይም ቆሞ ሲሠራ የሚንገዳገድ ከሆነ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ የፒሲቪው አቅጣጫ ጠባቂ ቫልቭ (ጋዙን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ተገልብጦ አለመገጠሙን ተመልከቱ።