ለመርከበኛው ቆብ የትኛው ክር?

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችን ቲያትር መቼቱ 18ኛው ክፍለ ዘመን፣ የእንግሊዝ የአሜሪካ ቅኝ ግዛት ነው። የመርከበኛ ቆብ በእጄ ልሠራ ነው፤ ምን ዓይነት ክር ልግዛ? (ከጅማ)

መልስ፦ እውነተኛ የበግ ሱፍ ይግዙ። ገበያ ላይ «ሱፍ» የሚባለው ብዙ ጊዜ አክሪሊክ የሚባል ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ ያ ደግሞ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥሪት ነው። ለመለየት ከክሩ ትንሽ ቁራጭ በመቆንጠጫ ይዘው ያቃጥሉ። ሱፍ እንደ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቅቃል፤ አክሪሊክ ቀልጦ ጠንካራ ዶቃ ይሆናል። ቀለሙ የበጉ የራሱ ቡኒ ወይም ግራጫ፣ አለዚያም የኢንዲጎ (ከተክል የሚገኝ ማቅለሚያ) ሰማያዊ ይሁን። (ደማቅ ሐምራዊ ይቅርብዎ፤ ሰው ሠራሹ የመጣው በ1856 እ.ኤ.አ. ነው።)

«በማሽን ይታጠባል» የሚል ጽሑፍ ያለበትን የሱፍ ክርም ይተዉት። ቆቡ ሰፋ ተደርጎ ተሠርቶ በሙቅ ውሃና በሳሙና እየታሸ መጥበቅ አለበት፤ ያ ክር ግን እንዳይጠብቅ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። አስቀድመው 15 ሴንቲሜትር በ15 ናሙና ሠርተው፣ አሽተው፣ ምን ያህል እንደጠበበ ይለኩ።