ወተቷ መቼ ነው የሚነጥፈው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። ግቢያችንን የምትጠብቅልን ውሻ ማገዶ ቤት ውስጥ 5 ቡችሎች ወልዳ አምስተኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል። እስከ ቅርብ ጊዜ ከላያቸው አትነሳም ነበር። ሰሞኑን ግን ሊጠቡ ሲጠጉ ታጉረመርማለች፤ እንጨት ክምሩ ላይ ወጥታ ትተኛባቸዋለች። ጡቷ ገና ሙሉ ነው። ጎረቤታችን እትዬ «ሬት ቀቢላት፣ ቶሎ ይጥላሉ» አሉኝ። ኮምቦልቻ ያለ ዘመዳችን ደግሞ አንዱን ለቅዳሜ ልውሰድ ብሏል። ልቀባት? ልስጠው? ወተቷስ መቼ ነው የሚነጥፈው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ውሻሽ ሥራዋን ታውቃለች። ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ የወተት ጥርሳቸው ይወጣል፤ ጫፉ መርፌ ነው። በዚያ ጥርስ አምስት ሆነው ሲረባረቡባት ብታጉረመርም ምን ይገርማል? ጡት እያስጣለቻቸው ነው፤ አትቆጫት። የምትሸሽበትን እንጨት ክምርም አታንሺባት። የሚቧጭራትን የጥፍራቸውን ጫፍ ብቻ ትንሽ ትንሽ ቁረጪላት።

ወተቷ በብዛት የሚመጣው ከወለደች ከ3ኛው እስከ 4ኛው ሳምንት ነው፤ ከዚያ ይቀንሳል። ቡችሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ጨርሰው ይተዋሉ፤ ከተዉ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይነጥፋል። ቆዳው ተንጠልጥሎ ጥቂት ቢሰነብት ወተት አለ ማለት አይደለም።

ሬቱን ለእትዬ መልሺላቸው። ውሻ ጡቷን ትልሳለች፣ ሬት ደግሞ ያስቀምጣል፤ እሷንም ቡችሎቹንም። «ወጥሯታል» ብለሽም እንዳታልቢያት፤ በታለበ ቁጥር ሰውነቷ ሌላ ይተካል። ስታጠባ የጨመርሽላትን ምግብ ግን ቡችሎቹ መብላት በለመዱ መጠን ቀንሺ፤ ሲተዉ ከማርገዟ በፊት ትበላ ወደነበረው ልክ መልሻት። ውሃ አትከልክያት። ከጡቶቿ አንዱ ቢጠነክር፣ ቢያተኩስ፣ ቢቀላ ወይም መግልና ደም ቢቀላቅል፣ እሷም ምግብ ብትተው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። እያጠባች ሳለ ብትንቀጠቀጥና ብትንገዳገድም እንዲሁ፤ ካልሲየም ከደሟ ሲያንስ የሚመጣ ነው፣ አያሳድርም።

አሁን ያንቺ ሥራ ሳህኑ ላይ ነው። ዝርግ ሳህን አድርጊ፤ በጎድጓዳው ፊታቸውን ይነክራሉ። የተቀቀለ እንቁላል፣ ስብ የሌለው የደቀቀ ሥጋ፣ በጣም የበሰለ ሩዝ፣ ሽንኩርትና ጨው ባልገባበት መረቅ አቅጥነሽ በቀን አራት ጊዜ ስጫቸው። ቀን በቀን አወፍሪው። በደሴ ብርድ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ለብ ባለበት አቅርቢ፤ የተረፈውን አንሺ። የላም ወተት ለብዙዎቹ ተቅማጥ ነው፤ ከውሻ ወተት ጋር ሲተያይ ስቡም ፕሮቲኑም ያንሳል።

ትርፍራፊ ወጥ ላይ እጠነክራለሁ። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል፤ ነጭ ሽንኩርቱም ያው ነው፤ ቢበስልም ለውጥ የለውም። ያለ ሽንኩርት ቁሌት የሚጥል ቤት ደግሞ ወሎ ውስጥ አላውቅም። እንጀራ ካስፈለገ ወጥ ያልነካው ይሁን። ሌላው፣ አረፋም ይሁን ፋሲካ ከብት ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ ይጣላል። ያ ከረጢት ውሻው ሆድ ገብቶ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ወደ ሰው ይገባል። በውሻ ብዙ ነገር ይሳበባል፣ ወርዋሪው ግን እኛው ነን። ያን ሳንባ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት።

ወስፋትንም አትርሺ። ከእናታቸው በማህፀንም በወተትም ይተላለፋል። መድኃኒቱ ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይሰጣል፤ ካልጀመርሽ በዚህ ሳምንት ጀምሪ፣ እናቲቱም አብራ ትውሰድ። መጠኑ በክብደት ስለሆነ ክሊኒክ ወስደሽ አስመዝኚ እንጂ በግምት እንዳትሰጪ።

ለዘመዳችሁ «ቅዳሜ የለም» በይው። ቡችላው 8 ሳምንት ሳይሞላው የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ አይወርድም። መንከስ የሚያምበትን ልክ የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነው፤ ቀድሞ የተለየ ቡችላ በኋላ የባለቤቱን እጅ ይለማመድበታል። ሲወስደውም በ3 ወሩ የእብድ ውሻ ክትባት እንዲያስከትበው አስምይው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። ውሻዬ አልወለደችም፣ ግን ጡቷ አብጦ ወተት ይንጠባጠባል፤ አሮጌ ጫማ አቅፋ ታጉረመርማለች። ተደግሞባት ይሆን?

መልስ፦ ማንም አልደገመባት፣ ወንድሜ። ወንድ ፈልጋ ከነበረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ግድም በኋላ ባታረግዝም እንዳረገዘች የሚያደርጋት ሆርሞን ነው። አትለባት፣ ጡቷን አታሽ፤ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ወይም በ3 ሳምንት ይጠፋል። ጫማውን እሷ በሌለችበት አንሳው። በየጊዜው የሚመለስባት ከሆነ እንዳትወልድ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና ሐኪም አማክር፤ ቀጠሮው ግን ወተቱ ከነጠፈ በኋላ ይሁን።