ከረጢቱን ከመስፋታችሁ በፊት

ሰሞኑን አንድ የዩሮሎጂ (የሽንት አካላት ሕክምና) ሬዚደንት «ዶክተር፣ ሚትሮፋኖፍን መቼ ነው የሚያሳዩን?» አለኝ። ከትርፍ አንጀት የሽንት በር የሚሠራበትን ኦፕራሲዮን ማለቱ ነው። ጉጉቱ ፊቱ ላይ ይነበባል። እኔም በእሱ ዕድሜ እንዲሁ ነበርኩ። ለእሱም ለእናንተም አንድ ላይ ልጻፍ።

ፊኛው በካንሰር ምክንያት የወጣለት፣ ወይም በፊስቱላ፣ ማለትም ሽንት በሚያፈስስ ቀዳዳ፣ ተጎድቶ መጠገን ያልቻለ ሰው፣ ለሽንቱ ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል። ቀላሉ መንገድ የቀዶ ሐኪሙ ብሪከር እ.ኤ.አ. በ1950 ያስተዋወቀው ነው። ከትንሹ አንጀት ቁራጭ ተወስዶ ሆድ ላይ ይከፈታል። ሽንቱ ቀን ከሌት ወደ ቦርሳ ይወርዳል።

ሽንት የሚይዝ ከረጢት መሥራት ግን ሌላ ነው። የአንጀት ሥራ መግፋት ነው። እንዳለ ከተጠቀማችሁበት ሽንቱንም ይገፋዋል፤ ያፈስሳል፣ ግፊቱም ኩላሊትን ይጎዳል። ስለዚህ በቁመቱ ተሰንጥቆ ይዘረጋል፣ ከዚያ ክብ ተደርጎ ይሰፋል። አንዱ ጎን ሲኮማተር ሌላው ይላላል። ግማሽ ሊትር ያህል ረጋ ብሎ ይይዛል። በሩ ደግሞ ሐኪሙ ሚትሮፋኖፍ እ.ኤ.አ. በ1980 እንዳሳየው ከትርፍ አንጀት ይሠራል። አንዱ ጫፍ እምብርት ላይ ይወጣል፣ ሌላው ከከረጢቱ ግድግዳ ሥር ይቀበራል። ከረጢቱ ሲሞላ ራሱ ተጭኖ ይዘጋዋል። «ትርፍ» ያልነው ነገር ለዚህ ሲበቃ ማየት እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ስፌቱን መጽሐፍ ያስተምራችኋል። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው።

ከዓመታት በፊት ከገጠር የመጣች የ22 ዓመት ሴት ነበረች። ሦስት ቀን የፈጀ ምጥ ፊኛዋን ጨርሶታል። ቦርሳውን አልፈልግም አለች። ከረጢት ሠራንላት፣ በሩን እምብርቷ ላይ አደረግን። ያማረ ሥራ ነበር። በየአራት እስከ ስድስት ሰዓት ካቴተር፣ ሽንቱን የሚያወጣውን ቀጭን ቱቦ፣ በበሩ ማስገባት፣ አንጀቱ የሚያመነጨውን ንፍጥ በጨው ውኃ ማጠብ ተማረች። ካቴተሮች ሰጥተን ሸኘናት።

በስምንተኛው ወር በቃሬዛ መጣች። ሆዷ ተወጥሯል፣ ትኩሳት አላት። ከረጢቱ ተቀዶ ሽንቱ ሆዷ ውስጥ ፈስሷል። የመጨረሻው ካቴተሯ ተሰንጥቆ፣ ሌላ የምታገኝበት አልነበረም። ልብ በሉ፤ ከረጢቱ ከመቀደዱ በፊት በበሩ ያላፈሰሰው በደንብ ስለሠራን ነው። የሚያፈስስ ነገር ይተነፍሳል። የሚይዝ ነገር ካቴተር ከጠፋ ይፈነዳል። ቤቷ ከከተማ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ ከኦፕራሲዮኑ በፊት አልጠየቅኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ካቴተርም ቦርሳም የማይፈልግ መንገድ አለ። በጀርመን ማይንዝ ከተማ የተሠራው፣ «ማይንዝ ሁለት» የሚባለው ዘዴ ሽንቱን ወደ ታችኛው ትልቅ አንጀት ይመራዋል፤ የፊንጢጣ ጡንቻ ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 በካተሪንና በሬጂናልድ ሃምሊን የተመሠረተው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ባለበት አገር የምትሠሩ ልጆች ይህን ዘዴ በደንብ ልታውቁት ይገባል። ግን አስቀድማችሁ ጡንቻውን ፈትኑ። 300 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ከታች ስጧት፣ ኮሪደሩ ላይ ትመላለስ። አምልጧት ቀሚሷ ከረጠበ ተዉት። ምጡ ፊንጢጣዋንም ጎድቷት ሊሆን ይችላል። ከቻለችም ጉዳዩ አላለቀም። አንጀቱ የሽንቱን አሲድ መልሶ ይመጥጣል፣ ፖታሲየም ይወርዳል፣ አጥንት ይሳሳል። አሲዱን የሚያረግብ ባይካርቦኔት ያስፈልጋታል። ከዓመታት በኋላ የኩላሊት ቱቦው ከአንጀቱ በሚጋጠምበት ቦታ ላይ ካንሰር ሊነሳ ስለሚችል በካሜራ መታየት አለባት። ኩላሊቷ ደካማ ከሆነ ደግሞ አትጀምሩት፤ ያኔ ቦርሳው ይሻላታል።

ያቺን ሴት ከፍተን አጠብናት፣ ዳነች። ስትጠነክር አጠገቧ ተቀመጥኩና «እህቴ፣ ወደ ቦርሳው ብንመልስልሽስ?» አልኳት። ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «ዶክተር፣ ስምንት ወር ሙሉ ከጎረቤት ጋር ቡና ጠጣሁ። ማንም አፍንጫውን አልያዘም» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ከረጢቱን ተውንላት። በዚህ ጊዜ ግን እናቷን አስመጣን፣ እሷም ማስገባት ተማረች። በአቅራቢያቸው ካለው ጤና ጣቢያ ነርስ ጋር በስልክ ተነጋገርን፤ ካቴተር እዚያ እንዲቀመጥላት ተስማማን። በቀጠሮዋ ስትመጣ መጀመሪያ የምታሳየኝ ሆዷን አይደለም። የነጠላዋን ጫፍ ትፈታለች። ሁለት ካቴተሮች፣ በላስቲክ ተጠቅልለው፣ እንደ ገንዘብ ተቋጥረዋል።