ልጄ ግማሽ ያነበበችው መጽሐፍ ከመደርደሪያ ወረደ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ነው። የ13 ዓመት ልጄ ስለ ጥቁሮች የመብት ትግል የሚተርክ መጽሐፍ ከትምህርት ቤቷ ላይብረሪ ተውሳ እያነበበች ነበር። ግማሽ ላይ ስትደርስ «ቅሬታ ቀርቦበታል» ተብላ አስመለሷት። የቆመችበትን ገጽ ለማስታወስ ያስገባቻት ቁራጭ ወረቀት እንኳ እዚያው ውስጥ ቀረች። እኔ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፣ እንግሊዝኛዬም እንደ ነገሩ ነው። ባለቤቴ «የሰው አገር ነው፣ አርፈሽ ተቀመጪ» ይለኛል። ምን ላድርግ?
የአንዲት ልጅ እናት

መልስ፦ ያቺ ቁራጭ ወረቀት ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ባለቤትዎ ቤተሰባቸውን ለመጠበቅ እንደሚፈሩ ይገባኛል። እኔ ግን አርፈው ይቀመጡ አልልዎትም።

መጀመሪያ ለርዕሰ መምህሩ አጭር ኢሜይል ይጻፉ። ቅሬታው ምንድን ነው? የሚያጣራው ማን ነው? መቼ ያልቃል? መልሱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። በ2023 በወጣው የፍሎሪዳ ሕግ፣ ወሲባዊ ይዘት አለው የሚል ቅሬታ የቀረበበት መጽሐፍ በ5 የትምህርት ቀናት ውስጥ ይነሳል፤ ጉዳዩ እስኪጣራም አይመለስም። የልጅዎ መጽሐፍ በዚህ ተነስቶ ከሆነ አንድ ነገር ነው። ሐሳቡ ስላልተወደደ ከሆነ ግን ሌላ ነው።

በ1976 ኒው ዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ ውስጥ አንድ የትምህርት ቦርድ፣ ማለትም የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድር አካል፣ 9 መጻሕፍትን ከላይብረሪ አስወጣ። ስቲቨን ፒኮ የሚባል የ17 ዓመት ተማሪ ከ4 ተማሪዎች ጋር ሆኖ ቦርዱን ከሰሰ። ልጆች ናቸው እንግዲህ! ክሱ በ1982 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኞቹ ተከፋፈሉ፤ አብዛኞቹ በአንድ ሐሳብ ስላልተስማሙም ዛሬ ድረስ ያከራክራል። ዳኛ ዊሊያም ብሬናን የጻፉት ግን ግልጽ ነበር፦ ቦርድ ሐሳቡን ስለጠላው ብቻ መጽሐፍ ከትምህርት ቤት ላይብረሪ ማንሳት አይችልም። በዚያው ዓመት መጻሕፍቱ ወደ መደርደሪያ ተመለሱ።

ከአንባቢዎቼ መካከል ልጆቻቸው አንዳንድ መጽሐፍ እንዳያነቡ የሚፈልጉ አሉ። መብታቸው ነው። ያው የፍሎሪዳ ሕግም ወላጅ የራሱን ልጅ የላይብረሪ አጠቃቀም መገደብ የሚችልበትን መንገድ አስቀምጧል። ታዲያ ይህ እያለ አንዱ ወላጅ ስለ እርስዎ ልጅ የሚወስነው በምን ሒሳብ ነው? የኔ ሙግት ይኸው ነው።

ከኢሜይሉ በኋላ ወደ አካባቢዎ የትምህርት ቦርድ ስብሰባ ይሂዱ። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው። ዜግነት የሚያስፈልገው የቦርድ አባላትን ለመምረጥ እንጂ ለመናገር አይደለም።

እኔ መጀመሪያ የተናገርኩ ቀን ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። 3 ደቂቃ ነው የሚሰጡት፤ ሰዓቱ ፊት ለፊት ወደ ኋላ ይቆጥራል። እንግሊዝኛውን በአማርኛ ፊደል ጽፌ ነበር፣ «ማይ ዶተር» እያልኩ። አንዷ የቦርድ አባል ብዕሯን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በኋላ ድምፄ ተስተካከለ። እርስዎም እንደዚያው ጽፈው ያንብቡት። ስለ ሕጉ አይጨነቁ፤ መጽሐፉ ውስጥ ስለቀረችው ቁራጭ ወረቀት ይንገሯቸው።

ከትምህርት ቤቱ ጋር ሲነጋገሩ አስተርጓሚ ይጠይቁ። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት ወላጅን በሚገባው ቋንቋ የማነጋገር ግዴታ አለበት። ልጅዎን ግን አስተርጓሚ አያድርጓት። ሸክሙ ይከብዳታል።

እስከዚያው የካውንቲውን የሕዝብ ላይብረሪ ይሞክሩ። ከትምህርት ቤቱ የተለየ ነው። መጽሐፉ እዚያ ካለ ይዋሱላትና ከቆመችበት ትቀጥል።