ድንበር ላይ የቆመ ባሕር ዛፍ የማን ነው? ለባሶና ወራናዋ እህታችን ጥያቄ

እህቴ፣ የጻፍሽውን ደግሜ አነበብኩት። የእናትሽና የጎረቤታችሁ ማሳ የሚዋሰኑት በአሮጌ የድንጋይ ካብ ነው፤ ካቡ ላይ ባሕር ዛፍ በአንድ ረድፍ ቆሟል። ጎረቤታችሁ «የተከለው አባቴ ነው፤ ድንበሩም ከዛፉ ወዲያ ነው» ብለው ስድስቱን ጥለዋል። እናትሽ ደግሞ «ካቡ የኛ ስለሆነ ዛፉም የኛ ነው» ይላሉ። አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር የአዋሳኙን ስም እንጂ የድንበሩን ሜትር አይናገርም። ዛፉ የማን ነው፣ የወደቀውስ ግንድ ምን ይደረግ ነው ጥያቄሽ።

ከግንዱ ልጀምር፤ ቀን የሚቆጠርበት እሱ ነው። ማንም አያንሳው። ዛሬውኑ ቁጠሩ፤ የእያንዳንዱን ርዝመትና የጉቶውን ዙሪያ በሜትር ለክታችሁ ጻፉ። ፎቶ ስታነሱ ጉቶው፣ ካቡና ከኋላ ያለ ቤት ወይም ተራራ አብረው ይታዩ፤ ተጠግታችሁ ጉቶውን ብቻ ካነሳችሁት የየትኛው ማሳ ጉቶ እንደሆነ ማስረዳት አይቻልም። ቀጥሎ የቀበሌውን የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ጠርታችሁ ያየውን በቃለ ጉባኤ እንዲይዝ አድርጉ። ግንዱን ማንሳት የግድ ከሆነ ሁለቱም ወገን በተስማሙበት ገለልተኛ ሰው ግቢ ይቀመጥ።

ዛፉን ቁሙን የገዛ ነጋዴ ካለ ክርክር እንዳለበት በጽሑፍ፣ በምስክር ፊት ንገሩት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1133 ዛፍ ከመሬቱ እስኪለይ ድረስ የመሬቱ አካል ነው ይልና፣ ተቆርጦ እንዲወሰድ ውል የተደረገበትን ዛፍ ግን ራሱን እንደቻለ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ይቆጥረዋል። ግንዱ መኪና ላይ ከወጣ በኋላ የምትከራከሩት ስለ ዋጋው ብቻ ነው። መቁረጡ ካልቆመ ወረዳ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 እግድ ጠይቁ። ይዞታዬ ተነካ ብሎ ለሚቀርብ «ሁከት ይወገድልኝ» ክስ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 የሰጠው ጊዜ ደግሞ ሁለት ዓመት ነው። ብዙ ሰው ሽምግልናው ዛሬ ነገ ሲባል ይህ ጊዜ ያልፍበታል፤ ዛፉ የወደቀበትን ቀን አሁኑኑ ጽፋችሁ አስቀምጡ። በእልህ የእነሱን ዛፍ መቁረጥ ወይም የካቡን ድንጋይ መነካካት ግን ፈጽሞ እንዳይታሰብ። የወሰን ምልክት ማንሳት በወንጀል ያስጠይቃል፤ ከዚያም በላይ ለእናንተ የሚመሰክረውን ማስረጃ በገዛ እጃችሁ ማጥፋት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «መሬቱ የማን ነው» እና «ዛፉ የማን ነው» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ጎረቤታችሁ በዛፉ መሬቱን ሊያስረዱ ይፈልጋሉ፤ ይህ አይሄድም። ዛፍ መትከል የደከመውን ሰው ያሳያል እንጂ ወሰን አይሠራም። እናትሽ በመሬቱ ዛፉን ማስረዳታቸው በሕግ መነሻው ትክክል ነው፤ ግን መጀመሪያ ካቡ የማን እንደሆነ መረጋገጥ አለበት። ወሰኑ ለእናንተ ከወጣና የተከሉት የጎረቤታችሁ አባት መሆናቸው ከተመሰከረ ደግሞ ላባቸውን አለመካድ ተገቢ ይመስለኛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40(7) ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ መሬት ላይ ያፈራውን ያከብርለታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መሬት፣ ቀጥሎ ተካይ፣ ከዚያ ክፍፍል ነው። ይህ ሲገለበጥ ሽማግሌ ሁሉ «ግማሽ ግማሽ ተካፈሉ» ብሎ ይነሳና በሚቀጥለው ቆረጣ ጠቡ እንደገና ያገረሻል።

«አባቴ ተከለው» ለሚለው ቃል አንድ ጥያቄ አንሱ፤ መቼ? መሬት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የሕዝብ ከሆነ በኋላ ማሳዎች በድልድል፣ መሬት እንደገና ሲከፋፈል፣ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፈዋል። ዛፉ የተተከለው ከመጨረሻው ድልድል በፊት ከሆነ ወሰኑን የሚወስነው ድልድሉ እንጂ ተካዩ አይደለም። ባሕር ዛፍ ደግሞ በምኒልክ ዘመን የገባ ዛፍ ነው። አሮጌ ካብ ላይ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ካቡ ቀድሞት የነበረ ነው። ሽማግሌዎች ስለ ጥንቱ ወሰን ሲናገሩ ስለ ባሕር ዛፉ አትጠይቋቸው፤ እዚያ መስመር ላይ ወይራ፣ ጽድ፣ ኮሶ ወይም ትልቅ ቋጥኝ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ካቡን ራሱን ማንበብም ይቻላል። በተዳፋት ማሳ መካከል ያለ ካብ ባለበት አይቆምም። የታችኛው አራሽ ማረሻውን በየዓመቱ ወደ ካቡ እግር ትንሽ ትንሽ ያስጠጋል፤ አፈሩ ሲሸሽ ድንጋዩ ይናዳል፤ የተናደው ሲካብ ደግሞ ወደ ላይ ገባ ብሎ ይካባል። በላይ በኩል ደግሞ ደለል ይሞላና ሜዳው ወደ ታች ይሰፋል። ሁለቱም «ገፋኝ» የሚሉት ለዚህ ነው፤ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። የማይሄደው የመሠረቱ ድንጋይ ነው። ሁለቱም ወገንና ኮሚቴው ባሉበት በካቡ እግር ሦስት ቦታ፣ ከሁለቱ ጫፍና ከመሐል፣ በዶማ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ቀስ ብላችሁ ቆፍሩ። ከላይ ያለው ድንጋይ ትንንሽ፣ ልቅና አፈር የገባበት ሆኖ ከሥር ትልልቅ፣ ጎን ለጎን የተገጠመ፣ ፊቱን ወደ ታች ያዞረ ድንጋይ ካገኛችሁ የጥንቱ መስመር እሱ ነው። ሦስቱ ጉድጓዶች በአንድ ሲባጎ ላይ ከዋሉ ክርክሩ አብዛኛው ያልቃል።

ጉቶውም እንዲሁ ይነበባል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ሲያቆጠቁጥ አዲሱ ግንድ የሚወጣው ከጉቶው መሐል ሳይሆን ከዳሩ፣ ከልጡ ሥር ነው፤ ወደ ውጭም ዘመም ይላል። ሦስት አራት ጊዜ የተቆረጠ ዛፍ የዛሬ ግንዱ መጀመሪያ ከተተከለበት ነጥብ ግማሽ ሜትር ያህል ሊርቅ ይችላል። ስለዚህ ከግንዱ አትለኩ። አፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ የአሮጌውን ጉቶ መሐል ፈልጉና እዚያ ችካል ትከሉ። ሁሉም ችካሎች ከመሠረቱ መስመር ወደ አንዱ ማሳ እኩል ርቀት ገብተው ከተገኙ ተካዩ ከወሰኑ ፈቀቅ ብሎ በራሱ በኩል እንደተከለ ጥሩ ምልክት ነው፤ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ከሆነ ግን ዛፉ ስለ ወሰኑ ምንም አይመሰክርም።

ለልኬቱ የሚያስፈልጋችሁ 50 ሜትር የሚደርስ መለኪያ፣ ረጅም ሲባጎ፣ ሃያ ያህል ችካልና ለምልክት የሚሆን ኖራ ወይም አመድ ነው። ሁለቱም ወገን የማይከራከሩበት ነጥብ ከላይም ከታችም ፈልጉ፤ የሦስት ሰው ማሳ የሚገናኝበት ማዕዘን ከሁሉ ይሻላል፣ ሦስተኛው አዋሳኝ ይመሰክራልና። በሁለቱ መካከል ሲባጎውን ወጥሩ። በየ5 ሜትሩ ከሲባጎው እስከ ካቡ መሠረትና እስከ ጉቶው መሐል ያለውን ለክታችሁ በሠንጠረዥ ጻፉ። ተዳፋት ላይ መለኪያው መሬት ለመሬት ከተሳበ ያሳስታል፤ በ100 ሜትር 20 ሜትር የሚወርድ ቦታ ላይ በካርታ 50 ሜትር የሆነው መሬት ለመሬት 51 ሜትር ይመጣል። ለአንድ ሜትር የሚጣላ ሰው በዚህ ብቻ ሊጣላ ይችላል። መለኪያውን በአምስት በአምስት ሜትር እየከፈላችሁ፣ ዝቅተኛውን ጫፍ አንሥታችሁ አግድም ያዙት።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የመኸሩ እህል ከተነሳ በኋላ፣ ለበልግ ገብስ እርሻ ከመጀመሩ በፊት አድርጉት። ታኅሣሥ ላይ ማሳው ራቁቱን ስለሆነ ሁሉም ነገር ይታያል፤ አንዴ ከታረሰ በኋላ የካቡ እግር ይደበቃል።

ስለ ደብተሩ የጠየቅሽው፤ የመጀመሪያው ደረጃ ደብተር ስፋቱ በገመድ ወይም በግምት የተያዘ ነው፤ ዋና ጥቅሙ ባለይዞታውን፣ የማሳውን ቁጥርና በአራቱም አቅጣጫ አዋሳኙን መናገሩ ነው። ስፋቱ ትንሽ ቢያንስ ተገፋሁ ለማለት አይበቃም። ሁለተኛው ደረጃ ደብተር ካርታ አለው፤ ከወጣላችሁ የማሳውን ካርታ ከወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። መለኪያው 1፡2000 ከሆነ ግን በወረቀቱ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር መሬት ላይ ሁለት ሜትር ነው፤ የመስመሩ ቀለም ውፍረት ብቻ የካቡን ስፋት ሊውጠው ይችላል። በስልክ ጂፒኤስ ለማጣራት የሚሞክሩም አሉ። ስልክ በገላጣ ቦታ እንኳ ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ይስታል፣ ዛፍ ሥር ይብሳል፤ ለዚህ ክርክር አይሆንም። ካርታው ወሰኑ በካቡ ያልፋል ወይስ ከካቡ ርቆ የሚለውን ይነግራችኋል፤ በካቡ የትኛው ጠርዝ የሚለውን መሬቱ ላይ ያለው ማስረጃ ነው የሚናገረው። ጽሕፈት ቤቱ በትክክለኛ መሣሪያ እንዲለካ በጽሑፍ ማመልከትም ትችላላችሁ። የከተማ ክልል ውስጥ ከሆናችሁ መንገዱ ይለያል፤ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው የማዕዘን ነጥቦች ስላሉት በቀጥታ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ነጥቦቹን መሬት ላይ አሳዩን በሉ።

ከዚህ በኋላ ሽማግሌ። የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 በአንቀጽ 12 ውይይትና ስምምነትን አስቀድሞ፣ ካልሆነ ተከራካሪዎቹ የመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲያዩት አድርጎ ነበር፤ አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በቁጥር 1324 ቢተካም በገጠሩ የሚሠራበት መንገድ ይኸው ነው። ከሽማግሌዎቹ ቢያንስ አንዱ የአካባቢውን ድልድል የሚያውቅ ይሁን። ልኬቱን ሳትጨርሱ ግን አትቀመጡ፤ ሠንጠረዥ ይዞ የሚመጣ ሰው የሚከራከረው አጭር ነው።

ስምምነቱ ሲጻፍ የሚረሱ ነገሮች አሉ። ደብተሩ የባልና የሚስት ከሆነ በሁለቱም ወገን ሁለቱም ይፈርሙ፤ አባትሽ ካረፉ ደግሞ ወራሾቹ ይካተቱ። ቢያንስ ሁለት ምስክር ይፈርም። «ዛፉ የእከሌ ነው» ብቻ አይበቃም፤ ስንት ቋሚ እንደሆነ ተቆጥሮ በቀለም ምልክት ይደረግበት። መቼ እንደሚቆረጥ ቀን ይቀመጥለት። የሚወድቅበት አቅጣጫና እህል ላይ ቢወድቅ ማን እንደሚከፍል፣ ቅጠሉና ጭራሮው የማን እንደሆነም ይጻፍ። ለምጣድ ማገዶ የሚሆነው ቅጠል በስምምነቱ ሳይጻፍ ቀርቶ የታረቁ ጎረቤቶች እንደገና የሚጣሉት በእሱ ነው። አንድ ቅጂ መሬት ጽሕፈት ቤት ማኅደር ውስጥ ይግባ። መስመሩ ላይ አገር በቀል ዛፍ ካለ፣ ጽድም ሆነ ወይራ፣ ማንም ሳይነካው ግብርና ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ጠይቁ።

ከሁሉ የሚረሳው ጉቶው ነው። «ዛፉ ይቆረጥ» ተብሎ ጉቶው ከቀረ ቁጥቋጦው ተመልሶ ይመጣና ከጥቂት ዓመት በኋላ «ይሄስ የማን ነው» ይባላል። ወይ ይነቀል፣ ወይም ከአፈር በታች እስከ ሥሩ ድረስ ልጡ ዙሪያውን ይላጥ፤ ብቅ ያለው ቁጥቋጦ ደግሞ ለሁለት ክረምት በየጊዜው ይሰበር። ይህን የሚሠራው ማን እንደሆነ በስሙ ይጻፍ። የድንጋይ ካብ ላይ ግን ሲነቀል ካቡ ስለሚናድ መላጡ ይሻላል።

መስመሩ ከተስማማ በኋላ ዛፍ አትትከሉበት። በሁለቱ ጫፍና በየ20 ሜትሩ ጉልበት የሚደርስ ድንጋይ፣ ግማሹ መሬት ውስጥ ገብቶ ይቁም። ጉድጓዱ ውስጥ ከድንጋዩ ሥር አንድ እፍኝ ከሰልና የተሰበረ ገል አድርጉበት፤ ከሰል አይበሰብስም፣ ገልም በራሱ እዚያ ጥልቀት አይገኝም። ድንጋዩ ቢነሳ እንኳ ቆፍሮ ቦታውን ማግኘት ይቻላል። ከየድንጋዩ እስከ ቅርብ ቋጥኝ ወይም ቤት ማዕዘን ያለውን ርቀት፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ልኬት፣ ስምምነቱ ጀርባ ላይ ጻፉና ጎረቤታችሁም እዚያው ይፈርሙበት።