የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የማያዳግም መልስ የሚያመጣ የጽሑፍ ጥያቄ

ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን የዚህ ዕትም ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የተጻፉ ናቸው፤ የሕዝብ ተወካይ አስፈጻሚውን በጽሑፍ የሚጠይቀው እንዴት ነው? አራቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ የምክር ቤት አባል ነኝ። ከጦሳ የሚወርደው ጎርፍ በየክረምቱ የሰፈራችንን ኮብልስቶን ይነቅላል። በጉባኤ እጄን አውጥቼ ደጋግሜ ጠይቄያለሁ፤ የማገኘው መልስ ግን ሁሌም «ትኩረት ተሰጥቶት እየተሠራ ነው» የሚል ነው። በጽሑፍ ብጠይቅ ምን ይለወጣል? እንዴትስ ይጻፋል?

መልስ፦ በመድረክ የተነገረ መልስ ቃለ ጉባኤ ላይ በሁለት መስመር ተጠቃሎ ይቀራል። በጽሑፍ የተሰጠ መልስ ግን ወጪ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም አለው። ከዓመት በኋላ ኃላፊው ቢቀየር እንኳ መሥሪያ ቤቱ ራሱ በጻፈው ደብዳቤ ይጠየቃል። ሌላም ጥቅም አለው። መድረክ ላይ የቆመ ሰው የሚመልሰው ትዝ ያለውን ነው። በጽሑፍ ለመመለስ ግን ባለሙያው ፋይል ማውጣት፣ ውሉን ማየት፣ ክፍያውን መደመር አለበት። ችግሩ ለኃላፊው ራሱ የሚታየው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው።

ወደ አጻጻፉ ስንመጣ፣ በብዛት የሚያጋጥመው እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው፦ «የከተማችን የጎርፍ ማስወገጃ ችግር መቼ ይፈታል?» የሕዝቡ ብሶት አለበት፤ ነገር ግን ለኃላፊው ሰፊ በር ይከፍትለታል። የትኛው ቦይ እንደሆነ አይናገርም፤ «ይፈታል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነም አይናገርም። ስለዚህ «በዘንድሮው ዕቅድ ተካቷል» ብሎ ቢመልስ አልዋሸም። እርስዎም ምንም አላገኙም።

ያንኑ ጥያቄ እንዲህ ያጥብቡት፦

«በተያዘው በጀት ዓመት ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ድልድዩ ለሚሠራው የጎርፍ ማውረጃ ቦይ፦ (ሀ) የተመደበው በጀት ስንት ብር ነው? (ለ) ከዚህ ውስጥ እስከ ታኅሣሥ 30 የተከፈለው ስንት ነው? ቅድሚያ ክፍያው ለብቻው ይገለጽ። (ሐ) በውሉ ስንት ሜትር መሠራት ነበረበት? ስንት ሜትርስ ተሠርቶ ርክክብ ተፈጸመ? (መ) ውሉ የሚያበቃው በየትኛው ቀን ነው?»

እዚህ ውስጥ «ለምን» የሚል ቃል የለም። «ለምን» ተብሎ የተጠየቀ ኃላፊ ንግግር ያደርጋል፤ «ስንት» ተብሎ የተጠየቀ ግን ቁጥር መስጠት አለበት። ቅድሚያ ክፍያው ለብቻው እንዲገለጽ ያደረግነውም በምክንያት ነው። ተቋራጭ ቁፋሮ ሳይጀምር ቅድሚያ ክፍያ ሊወስድ ስለሚችል፣ ይህና ለተሠራ ሥራ የሚከፈለው ከተደባለቁ ገንዘቡ ከሥራው የቀደመበትን ምክንያት መለየት አይቻልም። ቁጥሮቹ ከመጡ በኋላ ከበጀቱ አብዛኛው ተከፍሎ የተሠራው ሜትር ጥቂት ሆኖ ከተገኘ፣ «ለምን» የሚለውን በሁለተኛው ደብዳቤ ይጠይቁ። ያን ጊዜ መሸሻው ጠባብ ነው።

በመቶኛ የሚመጣ መልስ በተለይ ያስጠንቅቅዎ። «አፈጻጸሙ 70 በመቶ ደርሷል» ሲባል የገንዘቡ ነው ወይስ የሥራው? ፋይናንሻልና ፊዚካል አፈጻጸም እኩል አይሄዱም። ሌላው ወጥመድ የዕቅድ ክለሳ ነው። 1,000 ሜትር የታቀደው በዓመቱ አጋማሽ ወደ 500 ሜትር ከተከለሰ፣ 350 ሜትር የሠራ መሥሪያ ቤት 35 በመቶ የነበረው አፈጻጸሙ አንድ ሜትር ሳይጨምር 70 በመቶ ይሆንለታል። ስለዚህ መልሱ በሜትርና በብር እንዲሆን፣ ከክለሳ በፊት የነበረው ዕቅድም እንዲጠቀስ በጥያቄው ላይ ይጻፉ።

ከመጻፍዎ በፊት ቦታው ድረስ ሄደው የተሠራውን ቦይ በሜትር ይለኩት። የሚጠይቁትን ነገር በግምትም ቢሆን አስቀድመው ማወቅ አለብዎት፤ አለበለዚያ የመጣውን ቁጥር በምን ይመዝኑታል? ግንባታውን የያዘው መምሪያና ክፍያውን የሚፈጽመው የገንዘብ መሥሪያ ቤት የተለያዩ ከሆኑ ለየብቻ ይጻፉላቸው። ሁለት መሥሪያ ቤት በአንድ ደብዳቤ ከተጠየቀ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ጉዳዩ እንጥልጥል ላይ ይቀራል። በፍርድ ቤት የተያዘ ነገር ካለበት ያንን ክፍል ይተዉት፤ በእሱ ሰበብ ሙሉው ጥያቄ ሊመለስብዎ ይችላል።

ደብዳቤው የሚገባው በአፈ ጉባኤው በኩል ነው። በሁለት ቅጂ ያዘጋጁና አንዱ ላይ መዝገብ ቤቱ ገቢ ቁጥርና ቀን መትቶ እንዲመልስልዎ ያድርጉ፤ ግልባጩን ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይስጡ። ጥያቄ የሚቀርብበትንና መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ ከምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ ላይ አንብበው አንቀጹን በደብዳቤው ውስጥ ይጥቀሱ። ወቅቱም ይታሰብበት። በጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ የስድስት ወሩ ሪፖርት የሚደርሰው በጥር ገደማ ነው። በጥር የተጠየቀ ቦይ ክረምቱ ሳይገባ ሊሠራ ይችላል። በግንቦት ከጠየቁ ግን «ዝናቡ እንዳለፈ» ይባላሉ፤ ያ ጎርፍ ደግሞ ቤት ያፈርሳል።

መልሱ ሲመጣ ከጥያቄው ጎን አስቀምጠው ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። «መ» ካልተመለሰ አዲስ ሐተታ ሳይጨምሩ «በቁጥር ይህን ያህል፣ በዚህ ቀን በተጻፈው መልስ ተራ ፊደል መ አልተመለሰም» ብለው ብቻ ይጻፉ። «መረጃው እየተጠናቀረ ነው» ከተባሉ ተጠናቅሮ የሚያልቅበትን ቀን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። ስለ ባቡሩ የከተማችንን ተመራጮች ብንጠይቅ «እኛን አይመለከትም» አሉን። ታዲያ ማንን ነው የምንጠይቀው?

መልስ፦ ልክ ናቸው፤ ባቡሩ የፌዴራል ነው። ጥያቄ በተሳሳተ ደጃፍ ሲገባ ወራት ስለሚያባክን፣ ከመጻፍ በፊት የጉዳዩን ባለቤት መለየት ያስፈልጋል። የከተማው የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ቦይና ቆሻሻ አነሳስ ለከተማው ምክር ቤት ይቀርባል። የደሴው ትልቁ ሆስፒታል የክልሉ ስለሆነ ጥያቄው ባሕር ዳር ላለው የክልል ምክር ቤት ነው። የባቡር መስመሩ፣ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የመብራት አገልግሎቱና ወሎ ዩኒቨርሲቲ ግን የፌዴራል ናቸው፤ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሄዳሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ይህ ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትንም ጠርቶ የመጠየቅ፣ አሠራራቸውንም የመመርመር ሥልጣን አለው።

አንድ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት መንገድ ልንገርዎ። በአንቀጽ 54 መሠረት የምክር ቤቱ አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው። ስለዚህ የኮምቦልቻ ተመራጭ ብቻ ሳይሆን ትራንስፖርትን በሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ ያለ የሌላ አካባቢ ተመራጭም ይህን ጥያቄ ሊያነሳ ይችላል። ለሁለቱም ጻፉ።

ጥያቄውን ግን «ባቡሩ መቼ ይጀምራል?» አትበሉት። መስመሩ ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ ሃራ ገበያ ስለሚደርስ፣ ከአዋሽ ኮምቦልቻ ያለውንና ከኮምቦልቻ ሃራ ገበያ ያለውን ለይታችሁ ጠይቁ። ለእያንዳንዱ ክፍል ሐዲዱ፣ የኤሌክትሪክ አቅርቦቱ፣ ባቡሮቹና የሰው ኃይሉ በየራሳቸው ምን ላይ እንደደረሱ፣ የቀረው ሥራ ምን እንደሆነና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይጠየቅ። አራቱ ተጨፍልቀው «በአብዛኛው ተጠናቋል» ከተባለ የጎደለው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ጥያቄ፦ በሌላው አገር ለጽሑፍ ጥያቄ ቀነ ገደብ አለው? (ከደሴ፣ የሕግ ተማሪ)

መልስ፦ አለው፤ የሚጠየቀው ብዛትም ይገደባል። በጀርመን ፓርላማ (ቡንደስታግ) አንድ አባል በወር 4 የጽሑፍ ጥያቄ ያቀርባል፤ መልሱ በአንድ ሳምንት ይጠበቃል። በሕንድ የታችኛው ምክር ቤት (ሎክ ሳባ) በአንድ የስብሰባ ቀን 230 ጥያቄ ለጽሑፍ መልስ ይያዛል፤ የአንዱ ጥያቄ ርዝመትም ከ150 ቃል አይበልጥም። በብሪታንያ አባሉ መልሱን የሚፈልግበትን ቀን ራሱ ቆርጦ መጠየቅ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ በቀን ከ5 አይበልጥም። እዚያው አንድ ማስተማሪያ የሚሆን አሠራር አለ። መልሱን ማዘጋጀት ከ850 ፓውንድ በላይ የሚያስወጣ ከሆነ ሚኒስትሩ መልስ መስጠት አይገደድም። «ከ10 ዓመት ወዲህ የተጻፈው ሁሉ ይሰጠኝ» ያለ ተወካይ ባዶ እጁን የሚመለሰው በዚህ ነው፤ ዓመቱን ወደ አንድ፣ መሥሪያ ቤቱን ወደ አንድ ያወረደው ግን ያገኛል።

ለእኛ ሊጠና ይገባዋል የምንለው የፈረንሳዩን ነው። መልስ በ2 ወር መሰጠት አለበት፤ ካለፈ የፓርላማ ቡድኑ መሪ ጥያቄውን ለይቶ ያመለክታል፤ ከዚያ በ10 ቀን መመለስ ግድ ይሆናል። ቀነ ገደብ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሲያልፍ የሚከተለው እርምጃ አብሮ መጻፍ አለበት።

ጥያቄ፦ ተመራጭ አይደለሁም። በራሴ ስም መጠየቅ እችላለሁ? መልስ ቢከለክሉስ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ በምክር ቤት ጥያቄ የሚያቀርበው አባሉ ነው። እርስዎ ግን ጥያቄውን አርቅቀው፣ ልኬቱንና ፎቶውን አያይዘው ለተመራጭዎ መስጠት ይችላሉ፤ በሥራ የተወጠረ ተወካይ የተዘጋጀ ረቂቅ ሲያገኝ አይጠላም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዓመታዊ ሥራ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ፣ ረቂቁ መስከረም ላይ ቢደርሰው ጥሩ ነው።

በራስዎ ስም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት አለዎት። ጥያቄው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ይገባል፤ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ከተከለከሉ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላሉ። የተከለከሉበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጡዎ ይጠይቁ፤ በቃል «አይቻልም» መባልዎን ይዘው አቤት ቢሉ የሚያሳዩት ነገር አይኖርዎትም።

ተወካይዎ ራሱ መልስ ከተነፈገ ከባዱ መንገድ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 18 ነው። ከምክር ቤቱ አባላት አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ለአስፈጻሚው በተሰጠ ማንኛውም ሥልጣን ላይ ምክር ቤቱ ይወያያል፤ አስፈላጊ መስሎ የታየውን እርምጃም ይወስዳል። 547ቱ መቀመጫ ሁሉ ቢሞላ 183 ፊርማ ማለት ነው። ያንን ፊርማ ሊሰበስብ የሚነሳ አባል ለባልደረቦቹ የሚያሳየው ገቢ ቁጥር የተመታባቸውን፣ መልስ ያላገኙትን ደብዳቤዎች ነው።